ጭሱ ምን ይነግረናል? ከመኪና የሚወጣን ጭስ መርምሮ መንሥኤውን ስለ ማወቅ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ፣ «ይህ እኮ የጋራዥ ጨዋታ ነው፤ ለሕዝብ ንግግር ይበቃል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ይበቃል የምልበትን ምክንያት በአንድ ታሪክ ልጀምር። ታሪኩ የራሴ ጥፋት ታሪክ ስለሆነ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው። ተመርቄ ረዳት መምህር ሆኜ በተቀጠርሁ ማግሥት ማለት ይቻላል። በሰፈራችን አንዲት አሮጌ ላዳ ታክሲ የሚያሽከረክሩ አባት ነበሩ፤ ሙሉ ቤተሰባቸው የሚተዳደረው በዚያች መኪና ነው። አንድ ቀን በመንገድ አስቁመውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ኢንጂነር፣ ልጄ፣ ይህች መኪና ሰማያዊ ጭስ ጀምራለች። ጠዋት ስቀሰቅሳት ቡልቅ ታደርግና ትተወዋለች። ደግሞ ከእንጦጦ በማርሽ ይዣት ወርጄ፣ ታች ደርሼ ቤንዚን ስሰጣት ቡልቅ ታደርግና ትተወዋለች። ሌላ ጊዜ ደኅና ናት። ምን ሆና ይሆን?»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ሰማያዊ» የምትለውን ቃል ብቻ ነበር። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባው የፒስተኑ ፋሻ ሲያልቅ ነው፤ እንዲህ ነበር የተማርሁት። ለማረጋገጥ ያህል የኮምፕሬሽን መለኪያ ተውሼ ለካሁ። አራቱም ሲሊንደሮች 9 ባር አካባቢ አነበቡ፤ የጥገና መመሪያው ግን ከዚያ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» አልኋቸው። ሞተሩ ወረደ። መኪናዋ ሦስት ሳምንት ቆመች፤ ለሌላ ነገር የታሰበ የዕቁብ ገንዘብ ለፋሻ ወጣ። ገንዘቡ በማለቁም ቴስታታው ሳይነካ እንዳለ ተመልሶ ታሰረ። በመጨረሻ ሞተሩ የተነሣ ዕለት፣ ጠዋት፣ እኔም ቆሜ እያየሁ፣ ያው ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ አለ፤ ከዚያም ተወው።

ሰውየው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ይህም አባሰብኝ።

የሠራሁት ስሕተት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሽተኛውን የሚያውቀው ሰው የነገረኝን አለመስማቴ ነው። ሁለተኛው፣ የቆምሁበትን ምድር መርሳቴ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሆኜ በባሕር ጠረፍ መጽሐፍ አነበብሁ። ዛሬ ስለ ጭስ የምነግራችሁ በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ነው።

በቅድሚያ ጭስ ምን እንደሆነ እንስማማ። ነዳጅ ከበቂ አየር ጋር ተደባልቆ በደንብ ሲቃጠል የሚወጣው በዋናነት ናይትሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ትነት ነው። ሦስቱም ለዐይን አይታዩም። ስለዚህ ከጭስ ማውጫው ጫፍ የሚታይ ነገር ካለ፣ ወይ ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ነው፣ ወይ እዚያ መገኘት ያልነበረበት ሌላ ፈሳሽ ነው፣ ወይም የውሃው ትነት ራሱ ቀዝቅዞ ጤዛ ሆኖ ነው። ከዚህ ውጭ ምንም የለም። ቁስ ከባዶ አይፈጠርምና፣ የምታዩት ጭስ ከሦስት ማጠራቀሚያዎች ከአንዱ የመጣ መሆን አለበት፦ ከነዳጁ፣ ከሞተር ዘይቱ ወይም ከማቀዝቀዣ ውሃው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ከቀለሙ በፊት «ምን እየጎደለ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ የማሳስበው ለዚህ ነው። ቀለም ያታልላል። የዘይት መለኪያው ዘንግና የራዲያተሩ ውሃ ከፍታ ግን፣ ለአንድ ሳምንት በማስታወሻ ከተያዙ፣ አያታልሉም።

ቀለም እንዴት እንደሚያታልል ትንሽ ልቆይበት፤ ፊዚክሱ ውብ ነውና። ጥቁር ጭስ ጥቁር የሆነው የካርቦን ጥላሸት ብርሃንን ስለሚውጥ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ነጭና ሰማያዊ ጭስ ግን ብርሃንን የሚውጡ ሳይሆኑ የሚበትኑ የፈሳሽ ጠብታዎች ናቸው። ጠብታዎቹ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት የሚበልጡ ከሆነ ሁሉንም ቀለማት እኩል ይበትናሉ፤ ስለዚህ እንደ ደመና ነጭ ሆነው ይታያሉ። ከሞገዱ ርዝመት በጣም ያነሱ ከሆነ ግን ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጠው ይበትናሉ። ጆን ቲንዳል በ19ኛው ምእት ዓመት በቤተ ሙከራ ያየው፣ ሎርድ ሬይሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1871 በሒሳብ ያብራራው፣ ሰማይን ሰማያዊ የሚያደርገውም ይኸው ሕግ ነው። ዘይት ሰማያዊ አይደለም። ሲቃጠልና ሲተን እጅግ ደቃቅ ጠብታ ስለሚሆን ብቻ ነው ሰማያዊ የሚመስለን።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ብዙ ዘይት የሚያፈስ ሞተር ጠብታው ስለሚተልቅ ጭሱ ወደ ነጭ-ግራጫ ይለወጣል፤ በቀለም ብቻ የሚፈርድ ሰው «ውሃ ገብቷል» ብሎ ቴስታታ ያስወርዳል። ሁለተኛ፣ የምትቆሙበት ቦታ ቀለሙን ይለውጣል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ ሆና፣ ከጭሱ በስተጀርባ ጥቁር ነገር ሲኖር፣ ሰማያዊነቱ ጎልቶ ይታያል። ያንኑ ጭስ ፀሐይን ፊት ለፊት እያያችሁ ብትመለከቱት ሰማያዊው ተበትኖ አልቋልና ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ሁለት መካኒኮች ከአንድ መኪና ጀርባና ጎን ቆመው ስለ ቀለሙ ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማክሲሚልየን ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1888 የጭስ መለኪያ ሰሌዳ ሲሠራ ጥቁረትን ብቻ መለካቱ ብልኅነት ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ነጩ ጭስ እንምጣ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣል። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ማርሚታው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ይህ ትነት ጤዛ ሆኖ ይታያል፤ ከቧንቧውም ውሃ ይንጠባጠባል። ጭስ ማውጫው ሲግል ይጠፋል። ከቧንቧው ትንሽ ራቅ እንዳለ አየር ውስጥ የሚሟሟ፣ ሽታ የሌለው፣ መኪናው ከጋለ በኋላ የማይታይ ነጭ ጭስ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ነገር ስልክ ደውለው የሚጨነቁ ወዳጆች አሉኝ፤ «ቁርስዎን ይብሉ» እላቸዋለሁ።

ሞተሩ ከጋለ በኋላም የማይተው፣ እንደ ጉም አየር ላይ የሚንሳፈፍ፣ የራዲያተሩ ውሃም አብሮ የሚጎድልበት ነጭ ጭስ ግን ሌላ ነገር ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቆ ወይም ተጣምሞ፣ ማቀዝቀዣው ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። የውጭ መጻሕፍት «ጣፋጭ ሽታ ይኖረዋል» ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው በራዲያተሩ ውስጥ ኩላንት ሲኖር ነው፤ ሽታው የዚያ ፈሳሽ ነውና። በእኛ አገር ብዙ መኪና የሚሄደው በተራ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ተራ ውሃ ደግሞ ጣፋጭ ሽታ የለውም። መጽሐፉን አምኖ «ሽታ የለውምና ጓርኒሲዮኑ ደኅና ነው» ያለ ተማሪ ነበረኝ፤ ተሳስቷል፤ ግን ከእኔ የላዳ ስሕተት የባሰ አልነበረም።

እዚህ ላይ የከፍታ ጉዳይ ይገባል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽሮ ወጥ የሠራ ሁሉ ባያውቀውም ይህን ኖሮበታል። የራዲያተሩ ክዳን ተራ ክዳን አይደለም፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከፍ የሚያደርግ ቫልቭ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን እዚህም ቢሆን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ያለው መኪና ግን፣ ሞተሩ በመደበኛ ሙቀቱ እየሠራ ሳለ፣ ውሃው ይፈላበታል፤ በትነት የተሞላው ቦታ ያለ ልክ ይግላል፤ ቴስታታው ይጣመማል። ብዙ ሺህ ብር የሚፈጅ ጥገና፣ መነሻው ይህች ክዳን ስትሆን ማየት ያሳዝናል። ከጥገናው በኋላ ያንኑ አሮጌ ክዳን መልሶ ማጥበቅ ደግሞ ከማሳዘንም አልፎ ያናድዳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሡት፤ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ ካያችሁ የማቃጠያው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጥ የመመርመሪያ ፈሳሽም አለ። የዘይት ክዳኑን ግለጡ፤ ዘይቱ ወተት እንደገባበት ሻይ ከሆነ ውሃ አግኝቶታል። የጋለ ራዲያተር ግን አትክፈቱ፤ ይህን የምለው ክንዱ የተቃጠለ ተማሪ ሆስፒታል ወስጄ ስለማውቅ ነው።

የናፍጣ ሞተር ሦስተኛ ዓይነት ነጭ ጭስ አለው፤ ሳይቃጠል የተነነ ናፍጣ። ዐይን ይቆጠቁጣል፤ ሽታውም የታወቀ ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ፣ በቀዝቃዛ ማለዳ፣ ለጥቂት ደቂቃ መታየቱ አይደንቅም። ከዚያ በላይ ከቆየ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን፣ የነዳጁን መርጫ ጊዜ፣ ከዚያም ኮምፕሬሽኑን በዚህ ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ርካሹን አስቀድሙ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሰማያዊው፣ ወደ ላዳዋ ልመለስ።

ያቺ መኪና የምትጨሰው በሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፦ ሌሊቱን አድራ ስትነሣ፣ እና ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርዳ ቤንዚን ሲሰጣት። ሌሊት ምን ይሆናል? በቴስታታው አናት ላይ የቀረው ዘይት፣ የቫልቮቹን ዘንግ የሚያቅፉት ትንንሽ ላስቲኮች ደርቀው ከሆነ፣ በዘንጉ ታክኮ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ያ የተጠራቀመው ይቃጠልና ያልቃል። ቁልቁለት ሲወረድስ? አሽከርካሪው እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ሞተሩ ግን በመንኮራኩሩ እየተገፋ በፍጥነት መዞሩን አያቆምም። በመግቢያው በኩል ኃይለኛ የመሳብ ግፊት ይፈጠራል፤ ያም ዘይቱን በዚያው በደረቀው ላስቲክ በኩል ይስበዋል። ታች ተደርሶ ቤንዚን ሲሰጥ ያ ሁሉ ይቃጠላል። ሰውየው መመርመሪያውን ሁሉ ራሳቸው ሠርተው፣ ውጤቱን በቃላቸው አቅርበውልኝ ነበር። የቀረው የበሽታውን ስም መናገር ብቻ ነበር፤ እርሱንም ተሳሳትሁት።

ፋሻ ያለቀበት ሞተር በሌላ ጊዜ ነው የሚጨሰው። ጭነት ሲበዛበት፣ ዳገት ሲወጣ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ፤ ሲጨስም አይተውም። በቁልቁለትም ዘይት ሊስብ እንደሚችል አልክድም፤ ግን በዚያ ብቻ አይወሰንም። ሌላም ምልክት ይሰጣል፦ በፒስተኑ ጎን የሚሾልከው ጋዝ ወደ ሞተሩ የታችኛ ክፍል ስለሚወርድ፣ የዘይቱን ክዳን ስትከፍቱ በኃይል ይተነፍሳል። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጥላሸት ከተደፈነ ፋሻው ደኅና ሆኖ ሳለ ያው ትንፋሽ ይታያል፤ ዘይቱም በግፊት ወደማይገባው ቦታ ይሄዳል። ቱቦውን ማጽዳት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ዘይት ከልክ በላይ የተሞላበት መኪናም እንዲሁ ይጨሳል። ቱርቦ ያለው ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ከቱርቦው ወደ ታች የሚመልሰው ቱቦ መደፈኑን ሳታዩ ስለ ፋሻ አትናገሩ።

ለናፍጣ ሞተሮች አንድ ማስታወሻ፦ አብዛኞቹ የአየር መግቢያቸውን የሚዘጋ ነገር የላቸውምና የቁልቁለቱ ምልክት በእነርሱ ላይ ያን ያህል አይሠራም። የጠዋቱ ምልክት ግን ይሠራል።

ሁለተኛው ስሕተቴ የኮምፕሬሽን ንባቡ ነው። መለኪያው የሚነግረን ሞተሩ ከአካባቢው የሳበውን አየር ምን ያህል እንዳመቀው ነው። የሳበው አየር በሩብ የሳሳ ከሆነ የታመቀውም በዚያው መጠን ያንሳል። በባሕር ጠረፍ የተጻፈ መመሪያ 12 ባር የሚል ከሆነ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነው ሞተር እዚህ ከ9 ባር ብዙም አይበልጥም። እኔ ያነበብሁት 9 ባር የጤንነት ማስረጃ ነበር! በዚያ ላይ አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ነበሩ፤ እርጅና አራት ወንድማማቾችን እንዲህ እኩል አያረጅም። ይህን ስሕተት ዛሬም በየቦታው አገኘዋለሁ፤ ቁጥር ስለሆነ ሰው ያምነዋል። ስለዚህ እዚህ ከፍታ ላይ ስትሠሩ የመጽሐፉን ቁጥር በአካባቢው ግፊት አርሙት፤ ከዚያም በላይ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው አወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ንባቡ በደንብ ከጨመረ ፋሻ ነው፤ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። ስትለኩ ባትሪው የተሞላ፣ ፔዳሉም እስከ መጨረሻው የተረገጠ ይሁን፤ አለዚያ የምትለኩት የራሳችሁን ቸልተኝነት ነው።

ላዳዋን የፈወሷት አንድ አረጋዊ መካኒክ ናቸው። ሞተር አላወረዱም፤ ቴስታታም አላነሡም። ካንዴላውን ፈትተው በቀዳዳው የጥጥ ገመድ ወደ ሲሊንደሩ አስገቡ፤ ፒስተኑን ገፍተው ገመዱን ከቫልቮቹ በታች አጨቁት፤ ቫልቮቹ እንዳይወድቁ ገመዱ ደግፎ ያዛቸው። ከዚያ ስፕሪንጎቹን አውጥተው የደረቁትን ላስቲኮች አንድ በአንድ ለወጡ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሱ። እኔ መብራት ያዥ ነበርሁ። ከዲግሪዬ ቀጥሎ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ያን ቀን ይመስለኛል፤ ምናልባት «ከዲግሪዬ ቀጥሎ» የሚለው ይግባኝ ሊባልበት ይችላል።

ስለ ሰማያዊ ጭስ አንድ የመጨረሻ ነገር። የጭስ ማጣሪያ ካታሊስት ያላቸው መኪኖች ዘይት እያቃጠሉ ጭሱ ላይታይ ይችላል፤ ካታሊስቱ ያቃጥለዋልና። በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ደግሞ ካታሊስቱን ቀስ በቀስ ይመርዘዋል። ጭስ የለም ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም፤ አሁንም ወደ መለኪያው ዘንግ ተመለሱ።

ጥቁሩን ጭስ በአጭሩ ላንሣ ብል ይቀላል፤ ምክንያቱ አንድ ነውና፦ ለነዳጁ የሚበቃ አየር የለም። ነገር ግን በጤና ረገድ ከሁሉም የከፋው እርሱ ስለሆነ ማለፍ አልችልም። አንድ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ መኪና የነዳጅ ፖምፓው በጠረፍ ልክ ተስተካክሎ ከጅቡቲ ተነሣ እንበል። ዳገቱን እየወጣ ሲመጣ ፖምፓው የሚረጨው ናፍጣ አይቀንስም፤ አየሩ ግን እየሳሳ ይሄዳል። አዲስ አበባ ሲደርስ ከነዳጁ ከፊሉ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ባለቤቱ «ጉልበት አጣ» ብሎ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ «ፖምፓውን ክፈትልኝ» ይላል። መካኒኩ ይከፍትለታል። ያልጎደለውን ነዳጅ ጨመረለት፤ የጎደለው አየር እንደ ጎደለ ቀረ። ጉልበቱ በጥቂት ይጨምር ይሆናል፤ ጭሱ ግን በእጥፍ ይበዛል፤ የሚወጣው ጋዝ ስለሚግልም ቫልቭና ፒስተን ይጎዳሉ። ትክክለኛው ጥገና በተቃራኒው ነዳጁን ለከፍታው መቀነስ ነው። ይህን ለአንድ የጭነት መኪና ባለቤት ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ በአዳራሹ ውስጥ ያሉት የጋራዥ ሰዎች ፊታቸው ላይ አያለሁ።

ፖምፓ ከመነካቱ በፊት የአየር ማጣሪያው ይታይ። በፒስታ መንገድ የሚሄድ መኪና ማጣሪያው መመሪያው ከሚለው ቀን እጅግ ቀድሞ በአቧራ ይደፈናል። ቱርቦ ካለው ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደው ቱቦ ተቀድዶ አየር እያፏጨ ይሆናል። ኢንጄክተሩ አፉ ተበልቶ ከመርጨት ይልቅ እያፈሰሰ ይሆናል። ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ የቤንዚን መኪኖችም ከፍታው ብቻውን ድብልቁን ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ ያበዛበታል፤ ማስተካከያውም ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጂግለር መግጠም ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ግን ራሳቸውን ያርማሉ፤ ስለዚህ አዲስ የቤንዚን መኪና ጥቁር ሲያጨስ ከፍታውን አትውቀሱ። አንድ መረጃ ሰጪ ዋሽቷል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የውሃውን ሙቀት የሚያነበው ሴንሰር ነው፤ ሞተሩ ግሎ ሳለ «ቀዝቃዛ ነው» ካለ ኮምፒውተሩ እንደ ማለዳ አስመስሎ ነዳጅ ያበዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቦታል። ታክሲ ለመያዝ በሰልፍ የሚቆመው ሰው፣ በመንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ የትራፊክ ፖሊሱ ይህን ጭስ የሚተነፍሱት ሳይመርጡ ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች፤ በመንገድ ላይ ያሉት ግን ገና ለብዙ ዓመታት ይሄዳሉ፤ እያረጁም ይሄዳሉ። ጭስ ማንበብ የሚያበቃለት ሙያ የመሰላችሁ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ሥራው ገና እየበዛ ነው።

መኪና ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ። ደላላው መኪናውን ሲያሳያችሁ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ የጠዋቱን ምስክር ደብቆባችኋል። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቃት ከሆነ «ነገ ማለዳ ሳይነሣ እመለሳለሁ» በሉት። ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን ለጥቂት ቀን ማፈን የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቃረብም የሚያደርጉት አሉ። ዘይቱ ትናንት የተለወጠ መስሎ ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ለምን ዛሬ እንደ ተለወጠ ጠይቁ።

ላዳዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ባለቤቷ ባገኙኝ ቁጥር «ኢንጂነር፣ ዛሬ ምን ጎደለ?» ይሉኝ ነበር፤ እየቀለዱ ነው፤ ግን ጥያቄው ይኸው እስከ ዛሬ የማስተምረው ሆኖ ቀረ።

ከወርክሾፑ በስተጀርባ አንዲት ሚኒባስ ቆማለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ እንዳትነሣ አደራ ብያለሁ፤ ሞተሯ ቀዝቃዛ ነው። ጀርባዋ ወደ ጥቁሩ የብረት በር ዞሯል፤ በዚህ ሰዓት ፀሐይም ከጎን ናት። አሽከርካሪዋ እዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጥያቄዎቻችሁን ለእኔ ሳይሆን መጀመሪያ ለእርሳቸው አቅርቡ፤ ከዚያ አብረን እናስነሣታለን።